የአባባ ጥቁር እንጨት

አባባ ሌሊት አምስት ጊዜ እንደሚነሱ ያወቅሁት ከበሩ ድምፅ ነው። ለገና ገበዝ ማርያም ሄጄ መደብ ላይ ተኝቼ በሩ ሲንሲያጥጥ እቆጥራለሁ። ውጭ ይቆማሉ። በጣም ይቆያሉ። ጠዋት ስጠይቃቸው «ብርዱ ነው» አሉኝ። የእኛ አገር አባት ስለ ሽንቱ ለልጁ አያወራም፤ ለሴት ልጁማ ጭራሽ።

ምድጃው ዳር አንዲት ጣሳ ነበረች፤ ውስጧ የተቀቀለ ቅርፊት። የኮክ ፍሬ ሰብረው ውስጡን ሲያሸቱት ያለው ዓይነት ሽታ። «ጥቁር እንጨት ነው፣ ሰው ነግሯቸው» አለች እማዬ።

ስልኬን አወጣሁ። ጥቁር እንጨት፣ በሳይንስ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና (ለካ የኮክ ዘመድ ነው!)፣ አውሮፓ ውስጥ ላበጠ ፕሮስቴት በእንክብል የሚሸጥ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ለዚሁ ሲባል ካሜሩንና ማዳጋስካር ውስጥ ዛፉ ቅርፊቱ ተገፎ እየደረቀ ስላስቸገረ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር አለበት። ኮራሁ። «አባባ፣ ይጠጡት፤ ፈረንጅም ይውጠዋል» አልኳቸው። ያችን ቃሌን መልሼ ብውጣት ደስ ይለኛል።

እስከ መጨረሻው አላነበብኩም ነበር። እንክብሉ የሚሠራው በኬሚካል ተለይቶ ከሚወጣው የቅርፊቱ ቅባታማ ክፍል ነው፤ የፈላ ውሃ ያንን እምብዛም አያወጣውም። እሱም ቢሆን 18 ሙከራዎች፣ 1,562 ወንዶች ተገምግመው የታየው መጠነኛ ለውጥ ነው፤ ሙከራዎቹም ትንንሽና አጫጭር ነበሩ። ሶ ፓልሜቶ የተባለው ሌላው ዝነኛ ዕፅ ደግሞ በ2011 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ መጠኑ ሦስት እጥፍ ሆኖ እንኳ ከባዶ እንክብል አልተሻለም።

የጥምቀት ማግስት ሽንታቸው ጭራሽ እምቢ አለ። ሆዳቸው ከእምብርት በታች ተወጥሮ፣ ላብ በላብ ሆነው ፍኖተ ሰላም ደረስን። ቱቦ ሲገባላቸው ከአንድ ሊትር በላይ ወረደ። ሐኪሙ እጢው የሽንት መውጫውን ከቦ እንደሚያንቀው፣ ሲቆይ ኩላሊትንም እንደሚጎዳ፣ ካንሰር አለመሆኑም በምርመራ መታየት እንዳለበት አስረዳን። ታምሱሎሲን የሚባል መድኃኒት ጻፈላቸው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት እያዩ፣ ቀስ ብለው «ሦስት ዓመት ሆነኝ እኮ» አሉኝ።

ምንም አላልኩም። ጋቢያቸውን አስተካከልኩላቸው።