«ምን አልኩ?»

ሰሞኑን የምርቃት ፕሮግራም ላይ ማይክ ይዤ ያያችሁኝ የድሮ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየላካችሁልኝ ነው፦ «ቲቸር፣ ንግግር መቼ ነው የተማርከው?»

መልሱ አጭር ነው፤ ገና እየተማርኩ ነው። እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ሰው ንግግሩ መሻሻሉን በምን ያውቃል? በእርግጥ ተሻሽሎ ነው ወይስ መድረኩን ተላምዶት?

ክፍል ውስጥ 40 ደቂቃ ማውራት አይከብደኝም። ተማሪው ያውቀኛል፣ ጠመኔው በእጄ ነው፣ ከረሳሁም ወደ ሰሌዳው ዞሬ አስታውሳለሁ። አዳራሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ጎልማሳ ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ሲያይህ፣ ጉልበትህ የማን እንደሆነ ይጠፋሃል።

ለተማሪ ማርክ ስሰጥ መመዘኛ አለኝ። ለራሴስ? እስኪ የሞከርኳቸውን ልንገራችሁ።

ጭብጨባ አይሆንም። እኛ አገር ስብሰባ ላይ ለሁሉም ይጨበጨባል። አንዳንዴ እንዲያውም ለተናገረው ሳይሆን ስለጨረሰ ነው።

የጓደኛ አስተያየትም አይሆንም። ደሴ ፒያሳ ሻይ እየጠጣን «እንዴት ነበርኩ?» ስላቸው «አብሽር፣ ቀውጢ ነበርክ!» ይሉኛል። ወሎዬ ሰውን ፊት ለፊት ማስከፋት አይወድም።

ፍርሃት መጥፋቱም መለኪያ አይደለም። ዛሬም ስሜ ሲጠራ ልቤ ይመታል። በሌላ በኩል ምንም ሳይፈሩ አድማጭ የሚያሰቃዩ ሰዎች አሉ፤ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ።

የሚቆጠር ነገር ይሻላል። የ2009 ባቾች ታስታውሳላችሁ፣ «ማለት ነው» ባልኩ ቁጥር ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ጭረት ታደርጉ ነበር። አንዱን ደብተር ሳርም አገኘሁት፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ 43 ጭረት! ሳቄ መጣ፣ ግን ቁጥሩን መዝግቤ ያዝኩት።

በኋላ ሳነብ ይሄ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን አወቅሁ። ቶስትማስተርስ የሚባል የንግግር መለማመጃ ማኅበር አለ፤ ራልፍ ስሜድሊ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካ ውስጥ፣ ካሊፎርኒያ ሳንታ አና ከተማ ነው የጀመረው። ስብሰባቸው ላይ «እ…» እና መሰል መሙያ ቃላትን የሚቆጥር ሰው ይመደባል። ሰዓት የሚይዝም አለ፤ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ለተሰጠው ንግግር 5ኛው ደቂቃ ላይ አረንጓዴ፣ 6ኛው ላይ ቢጫ፣ 7ኛው ላይ ቀይ ያሳያል። ንግግሩን የሚገመግም ደግሞ ሌላ ሰው ነው። እናንተ ከኋላ ወንበር ሆናችሁ በነፃ ትሠሩልኝ ነበር ማለት ነው። (ይሄ «ማለት ነው» አይቆጠርም!)

እኔ ይህን ሁሉ በስልኬ ተካሁት። እቀዳለሁ፣ ማታ ቤት አዳምጣለሁ። በመጀመሪያ የራስን ድምፅ መስማት ያስጠላል። ግን ማንም ያልነገረኝን ነገር ነገረኝ፦ የዓረፍተ ነገሬ መጨረሻ ይሰምጣል። በአማርኛ ደግሞ ግሡ ያለው መጨረሻ ላይ ነው! ግሡ ካልተሰማ አድማጭ «አድርጉ» ልበል «አታድርጉ» በምን ያውቃል? ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ተለማመድኩ፤ ግሡን ጨርሼ መተንፈስ።

ትልቁን መለኪያ ያገኘሁት ግን ከስልኬ አይደለም። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ አጎቴ ጋ ስሄድ ነው። አጎቴ የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ተናግረው ሲጨርሱ «ተግባባን?» አይሉም። «ተግባባን ካልከው ሁሉም አዎ ነው የሚልህ» ይላሉ። እሳቸው ባለጉዳዩን የሚጠይቁት «እስኪ ምን አልኩ?» ብለው ነው። ሰውየው የደገመው እሳቸው ያሉትን ካልሆነ አይቆጡትም፤ በሌላ ቃል እንደገና ይጀምራሉ።

ይሄን የሞከርኩት ጥር 2015 ላይ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ነው። በአገር ደረጃ 900 ሺህ ገደማ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። የኛ ልጆች ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት የወራት ትምህርት አምልጧቸው የተፈተኑ ናቸው። ወላጅ ተሰብስቦ፣ አዳራሹ ለቅሶ ቤት መስሎ፣ «አንተ አስረዳቸው» ተባልኩ።

ወሎ ውስጥ ውጤት ያልመጣለት ልጅ ቀጥሎ የሚያስበውን ታውቃላችሁ። በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ። ስለዚህ ወላጅ ቤቱ ይዞ መግባት ያለበት ሁለት ነገር ነበር፦ ከ50 በታች ያመጣ ሁሉ አበቃለት ማለት እንዳልሆነ፣ እና ነገሩ እስኪለይ ልጁ መንገድ እንዳይነሳ።

ስድስት ደቂቃ ተናገርኩ። ከዚያ እንደ አጎቴ «እስኪ ምን አልኩ?» አልኩ። ዝም አሉ። መሀል የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ፦ «መምህር፣ ያ ሪሜ ያልከው ምንድን ነው? ልጄን እንደገና 12ኛ ክፍል ያስቀምጡታል?»

የማታው ቅጂ ጥሩ ማርክ ሰጥቶኛል፤ «ማለት ነው» 4 ጊዜ ብቻ፣ ግሡም ይሰማል። እኚህ እናት ባይጠይቁኝ ኖሮ በዚያ ማርክ ደስ ብሎኝ እተኛ ነበር። መልሼ በሌላ ቃል ጀመርኩ፦ «እናቴ፣ ወደ ኋላ አይመለስም። ከ50 በታች ካመጡት ውስጥ የተሻለ ነጥብ ያላቸውን ዩኒቨርሲቲ ያስገቧቸዋል። እዚያ ጥቂት ወር ይማራሉ፣ ይፈተናሉ፣ ካለፉ ይቀጥላሉ። የእርስዎ ልጅ ይግባ አይግባ ገና አልታወቀም፤ መጠበቅ ነው።» አሁንም «ምን አልኩ?» አልኳቸው።

«ዛሬ ማታ እንዳይነሳ ልንገረው ነዋ!» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ስብሰባው አላለቀም ነበር።

በነጋታው መጥተው ልጁ ቤቱ ማደሩን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ያለው የልጁ ታሪክ ነው፣ እኔ አልነግራችሁም።

አሁን ራሴን ስገመግም፦ መሙያ ቃል ቀንሷል። ግሥ ይሰማል። ሰዓት ላይ ገና ነኝ፤ 5 ደቂቃ ሲሰጡኝ 8 እወስዳለሁ። ለቅሶ ቤት ተናገር ስባል አሁንም ድምፄ ይሰበራል፤ እሱን ማስተካከልም አልፈልግም። «ምን አልኩ?» ስል ደግሞ ካሉት ሰዎች ግማሹ በትክክል ከደገመልኝ፣ ለኔ ጥሩ ቀን ነው።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ለጥናት ማቅረቢያ የምትዘጋጁ ልጆቼ፣ ብትፈሩም ችግር የለውም። ቅዱ፣ ቁጠሩ፣ ከዚያ አንድ ሰው ይዛችሁ ያላችሁትን አስደግሙት።

እስኪ እናንተስ፦ ምን አልኩ? በአንድ ዓረፍተ ነገር ኮመንት ላይ። «አሪፍ ነው ቲቸር» ብሎ የሚያልፍ ከ10 ዜሮ!