መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ የታጠበው ፊልም

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ቁም ሣጥኑን ለመክፈት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብኛል። ልብሱን ለሚለብሰው ሰጠሁ፤ መጻሕፍቱን ልጆቹ ተካፈሉ። ከታችኛው መሳቢያ ግን ከዜኒት ካሜራው ጋር ሁለት ያልታጠቡ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ወጡ። ተነሥተው ያለቁ ናቸው። ምን እንደተነሣባቸው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ይዣቸው ፎቶ ቤት ለፎቶ ቤት ዞርኩ። አንዱ ወጣት ፊልሙን እያገላበጠ፣ «እማማ፣ ይሄን የሚያጥብልዎት አያገኙም፤ እኛ ከፍላሽና ከስልክ ነው የምናትመው» አለኝ። እቤቴ ገብቼ ሻይ እየጠጣሁ ሳስብ፣ ለምን ራሴ አላጥበውም አልኩ። የልብ ልብ የሰጠኝ የድሮው ሥራዬ ነው። ክፍለ ሀገር ሆስፒታል ነርስ ሆኜ ስሠራ የራጅ ባለሙያው ፈቃድ በወጣ ቁጥር ፊልሙን የምናጥበው እኛው ነበርን። በቀይ አምፖል ብርሃን ፊልሙን ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ስናዛውር የተሰበረ አጥንት ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። ስንት ጊዜ ባየው አይሰለቸኝም ነበር።

ዱቄቱን አሜሪካ ያለችው የእህቴ ልጅ ላከችልኝ። ዲ-76 ይባላል። በውስጡ ያለውን ሳነብ ከድሮ የማውቃቸው ስሞች ገጠሙኝ። አንዱ ሃይድሮኪኖን ነው፤ ፊታቸውን ለማቅላት ተቀብተውት ቆዳቸው የተበላሸባቸውን ሴቶች አክሜያለሁ። ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ውስጥ ያለው ሶዲየም ታዮሰልፌት ደግሞ ሳያናይድ ለመረዘው ሰው በደም ሥር የሚሰጥ ማርከሻ ነው። ጓንት ማጥለቅ፣ በሲሪንጅ መለካት፣ ጠርሙስ ላይ ስምና ቀን መጻፍ ለእኔ አዲስ አይደለም። የበጠበጥኩትን እስከ አፉ ሞልቼ ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ ከደንኩት፤ አየር ካገኘው ይሞታል። ለዚህ ሥራ የዋለ ማንኪያም ሆነ ጆግ ወደ ማድ ቤት አይመለስም፤ የልጅ ልጆች ያሏችሁ ይህን ልብ በሉ።

እንዲህ ተጠንቅቄ የመጀመሪያውን ፊልም በገዛ እጄ ገደልኩት።

እንደለመድኩት ቀይ አምፖል አበራሁና ፊልሙን ከቆርቆሮው አወጣሁት። ታጥቦ ሲወጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሰል ሆኗል። ኋላ ነው የገባኝ። የምናጥበው የራጅ ፊልም ቀይ ብርሃን አይነካውም ነበር፤ ይሄኛው ግን እንደ ሰው ዓይን ሁሉንም ቀለም ያያል። ድፍን ጨለማ ይፈልጋል። አንድ ሰው ብጠይቅ ወይም ሁለት ገጽ ባነብ ይድን ነበር። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ነው ብዬ ኮራሁ። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

የጠቆረውን ፊልም ግን አልጣልኩትም። ፊልሙ የሚጠቀለልበት ጠመዝማዛ መንኮራኩር አለ፤ በጨለማ በዳሰሳ ማስገባት ከባዱ ሥራ እሱ ነው። ማታ ማታ ዓይኔን ጨፍኜ በዚያው ፊልም ተለማመድኩ። ከዚያ አዲስ ፊልም አስልኬ የጎረቤት ልጆችን፣ ረከቦቱን፣ ድመቷን እያነሣሁ ሦስት ወር አጠብኩ። ጎረቤቴ፣ «ሲስተር፣ ጡረታ ወጥተሽ ላቦራቶሪ ከፈትሽ እንዴ?» ትለኛለች።

ሁለተኛው ተራ የደረሰው ክረምት ላይ ነው። መታጠቢያ ቤቴ መስኮት የለውም፤ የበሩን ሥር በጋቢ ደፈንኩ። ፊልሙ ጣሳው ውስጥ ገብቶ ከተከደነ በኋላ መብራት ይበራል። ዴቨሎፐሩ 20 ዲግሪ መሆን አለበት፤ የክረምት ውኃ ስለሚበርድ ጠርሙሱን ለብ ባለ ውኃ አሙቄ በቴርሞሜትር ጠበቅኩት። (የቀለም ፊልም 38 ዲግሪ ነው የሚፈልገው፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ማለት ነው። እሱን አልደፈርኩም።) ለዚያ ለኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ፊልም ሰዓቱ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው። በየደቂቃው መጀመሪያ ጣሳውን አሥር ሰከንድ ገልበጥ ገልበጥ አደርጋለሁ። ልቤ የምጥ ሰዓት እንደምቆጥር ይመታ ነበር። ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ ፊክሰር። ውኃችን በፈረቃ ስለሆነ ከበርሜል እየቀዳሁ ደጋግሜ አለቀለቅኩት፤ በመጨረሻው ውኃ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሬ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኩት። ያገለገለውን ፊክሰር ከፊልሙ ያወጣውን ብር ስለያዘ ሽንት ቤት አልደፋውም፤ ጄሪካን ውስጥ ተቀምጧል፤ ምን እንደማደርገው ገና አልወሰንኩም።

ከ36ቱ አብዛኛው ጭጋግ ለብሷል። ከ30 ዓመት በላይ መሳቢያ ውስጥ የኖረ ፊልም ነው፣ አይፈረድበትም። ባለቤቴ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሰልፍ ይታያል። ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ ትስቃለች። መጨረሻ ላይ ተከታትለው የተነሡ ሦስት አሉ። አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተኝታለች፣ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። በኒጋቲቩ ነጩ ጋዋን ጠቁሯል፣ ጥቁሩ ፀጉር ነጭቷል፣ ልክ እንደዛሬው።

በዚያ ዘመን በአዳር ተረኝነቴ የተነሣ ብዙ ተጣልተናል። «ቤት ያለሽ አይመስልም» ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ማንሣቱን ግን አንድም ቀን አልነገረኝም።

ልጄ በስልኳ አንሥታ ቀለሙን ገለበጠችውና፣ «እማዬ፣ ይሄን እስከ ዛሬ ለምን አላሳየሽንም?» አለች።

«እኔም ገና ማየቴ ነው» አልኳት።

ያ የጠቆረው ፊልም አሁንም አለ። አዲስ ፊልም ከማጠቤ በፊት ማታ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን የማፍታታው በእሱ ነው።