የማይታየው ክብደት

ዛሬ ስለ ትዳር ላጫውታችሁ አስቤ ከሰማይ እጀምራለሁ።

አንድ ምሽት ቡና እየጠጣን ሳለ፣ ፊዚክስ የምትማረው ልጃችን ስለ አንድ ኮከብ ነገረችን። ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ከዋክብትን ስትለካ፣ ፀሐያችንን የሚመስል አንድ ኮከብ በመንገዱ ወዲያና ወዲህ ሲል ተገኘ። አጠገቡ ግን የሚታይ ነገር የለም። ካሪም ኤል-ባድሪና ባልደረቦቹ ነገሩን አጣርተው እ.ኤ.አ. በ2022 ምክንያቱን አሳወቁ። ኮከቡ የሚዞረው ከፀሐይ አሥር እጥፍ ያህል የሚከብድ ብላክ ሆል ኖሯል፤ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ። ስሙ ጋያ ቢኤች 1 ነው። 1,560 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቀናል፤ እስካሁን ከታወቁት ብላክ ሆሎች ግን ለእኛ ቅርቡ እርሱ ነው።

«ታዲያ ኮከቡን ለምን አልዋጠውም?» አልኳት።

«እማዬ፣ ያገኘውን ሁሉ አይውጥም እኮ! በጣም የተጠጋውን ነው እንጂ። ይህ ኮከብ ራቅ ብሎ በ186 ቀን አንድ ጊዜ ይዞረዋል።»

ባለቤቴ ሲኒውን እንደያዘ ዝም አለ። ሁለታችንም ያንን ዓመት አስታወስን።

እናቱ ካረፉ በኋላ ባለቤቴ ተለወጠብኝ። መድረክ ላይ ሌላውን ያጽናናል፤ ቤት ሲገባ ቃል አይወጣውም። ራቱን ሳይጨርስ ይነሣል። እኔም በሚታየው ብቻ ፈረድኩ። «ለምእመናን ጊዜ አለህ፣ ለእኛ ግን የለህም» እያልኩ ወቀስኩት። የባሰ ራቀኝ።

አንድ ሌሊት ግን ጥያቄዬን ለወጥኩ። «ለምን ትዘጋኛለህ?» ማለቱን ትቼ፣ «ምንድን ነው የከበደህ?» አልኩት። ብዙ ቆይቶ አለቀሰ። እናቱ ታምመው «ና፣ ልይህ» ብለውት ነበር። እርሱ ግን «ጉባኤው ይለፍና እመጣለሁ» አላቸው። ጉባኤው ሳያልቅ አረፉ። ይህንን ለማንም አልተናገረም ነበር፤ ለእኔም ጭምር።

እህቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ የትዳር ጓደኛችሁ አካሄድ ሲዛባ ብታዩ ለፍርድ አትቸኩሉ። ተመራማሪዎቹ የኮከቡን መንገድ በትዕግሥት ተከታትለው የማይታየውን ክብደት አወቁ። እኔ ግን ከአንድ ቤት እየኖርኩ፣ ከአንድ ማዕድ እየበላሁ ወራት ፈጀብኝ።

ያ ክብደት ከቤታችን ጠፍቷል አልላችሁም። እናቱ ያረፉበት ወር ሲመጣ ባለቤቴ ዛሬም ዝም ይላል። አሁን ግን ዝምታው ከወዴት እንደሆነ አውቃለሁና ቡናዬን አፍልቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሲችል ያወራኛል፤ ሳይችል ደግሞ አብረን እንጸልያለን። ከብዶናል፤ አልዋጠንም።

እናንተም ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ምን ከበደህ? ምን ከበደሽ?» ተባባሉ። መልሱ ቢዘገይም ጠብቁት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።