ጥናቱ የተጠቀሰው ብዙ ጊዜ ነው፤ ለልጃችሁስ ምን ይጠቅማል?



አንድ ተመራማሪ የሚመዘነው ስንት ጥናት አሳተመ፣ ስንት ሌሎች ተመራማሪዎች ሥራውን ጠቀሱለት ተብሎ ነው። ቁጥሩ ክብር ነው። ግን በሆሳዕና መናኸሪያ የታመመ ልጁን እጅ ይዞ የአዲስ አበባ መኪና ለሚጠብቅ አባት ምን ይፈይዳል?

ከሆሳዕና ተነስታችሁ ወራቤን ስታልፉ ቡታጅራ ትደርሳላችሁ። ይህች ከተማ በአእምሮ ጤና ጥናቶች በዓለም ዙሪያ ስሟ ይጠቀሳል። ለዚህ ትልቁን ድርሻ ያበረከቱት የአእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ1997 በስዊድን ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን ያቀረቡት በቡታጅራ ገጠር ነዋሪዎች ላይ ሠርተው ነው። ከዚያም ቡድኑ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞረ አጣራ።

ምን አገኙ?

👉 ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ከዚያ በፊት መድኃኒት አግኝተው የሚያውቁት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ።

👉 ከታማሚ ቤተሰቦች 75 በመቶው በሕመሙ ምክንያት ሰው እንደሚያገላቸው ተናግረዋል።

👉 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች 10 ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው፣ የሞቱት ዕድሜያቸው 30 ዓመት ገደማ አጥሮ ነው። ግማሽ ያህሉን የገደለው ደግሞ ሊታከም የሚችል ተላላፊ በሽታ ነው።

መልካሙ ዜና እ.ኤ.አ. በ2022 መጣ። በዚያው አካባቢ 329 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሰጡት ክትትል በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው እንዳላነሰ አሳየ። ለወላጅ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ለክትትል ሁልጊዜ አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት ግድ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ መጠቀስ ብቻውን ጥናትን እውነት አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘ ጽሑፍ በዓለም ከተሰረዙ ጥናቶች መካከል እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ ነው። ብዙዎቹ የጠቀሱት ስህተቱን ለማሳየት ሲሆን፣ መጽሔቱም በ2010 ሰርዞታል። ስለዚህ «ጥናት አረጋገጠ» ሲሏችሁ፦ በስንት ሰው ላይ? ሌላ ሰው ደግሞ ሞክሮ ያንኑ አገኘ? ብላችሁ ጠይቁ።

ልጃችሁ እንቅልፍ ካጣ፣ ለብቻው ካወራ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ያለ ምክንያት ሰው ከጠረጠረ ወይም ራሱን ካገለለ፦

✅ በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱትና የአእምሮ ሕክምና ጠይቁ።
✅ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም፤ ሁለቱን አብራችሁ አስኪዱ።
✅ ተሻለው ብላችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ።
✅ አትሰሩት፣ አትደብቁት። ሲያስል ወይም ሲያተኩሰው እንደ ማንኛውም ልጅ አሳክሙት።
✅ ስለ ሞት ካወራ ወይም ራሱን እጎዳለሁ ካለ በዚያው ቀን ውሰዱት፤ ብቻውን አትተዉት።

የቡታጅራ ገበሬዎችና እናቶች በራቸውን ከፍተው ለጥያቄ የመለሱት መልስ ዛሬ ለእናንተ ልጅ መድረስ አለበት። ለሚያስፈልገው ቤተሰብ አካፍሉት።