በስምንት ቀን የዘገየ ወረቀት

ከእናንተ መካከል ዛሬ ሻንጣ የሚያዘጋጁ፣ የቤት ዕቃ የሚሸጡ፣ «ወረቀታችን መቼ ይመጣ ይሆን?» እያሉ ስልካቸውን በየሰዓቱ የሚከፍቱ ባልና ሚስት እንደማይጠፉ አውቃለሁ። እኛም እንደዚያ ነበርን። ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ካናዳ ልተርክላችሁ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ወደ ካናዳ ስንሄድ በመንገድ ላይ ትዳራችንን ልጥለው ምን ያህል እንደቀረብሁ ልነግራችሁ ነው።

መጋቢት 2012

ነገሩ የጀመረው ዓለም ሁሉ በሯን በዘጋችበት ወር ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2020) በአገራችን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተነገረ። በዚያው ቀን የካናዳ መንግሥት ድንበሩን ለውጭ አገር ዜጎች እንደሚዘጋ አስታወቀ። እኛ በሙያ ምድብ አመልክተን ሁለት ዓመት ያህል ስንጠብቅ ቆይተናል። እኔ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነኝ፤ ባለቤቴ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች፤ ልጃችን ገና ሁለተኛ ዓመቷን መያዟ ነበር።

መጋቢት 17 ቀን የቋሚ ነዋሪነታችን ማረጋገጫ መጽደቁን የሚገልጽ መልእክት ደረሰን። ባለቤቴ እልል አለች። ጎረቤት «ምን ተገኘ?» ብሎ በአጥር ላይ ብቅ አለ። እኔም «ከጸደቀ በኋላ የሚያግደን የለም፤ አውሮፕላን ሲገኝ መሄድ ነው» አልሁ። የቤት ኪራይ ውላችን በሚያዝያ መጨረሻ ያልቅ ስለነበር ዕቃ መሸጥ ጀመርን።

እኔ ያላስተዋልሁት አንድ ቀን ነበር። የካናዳ ሕግ አዲስ ቋሚ ነዋሪዎችን በሁለት ከፍሏቸዋል፦ እስከ ማርች 18 ቀን 2020 ድረስ የጸደቀላቸው መጓዝ ይችላሉ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የጸደቀላቸው ግን ሌላ የተለየ ምክንያት ከሌላቸው በቀር መጠበቅ አለባቸው። ማርች 18 በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 9 ነው። የእኛ ወረቀት በስምንት ቀን ዘግይቷል።

ኪሴ ውስጥ የነበረው ደብዳቤ

ይህን የሚገልጽ ኢሜይል መጋቢት 24 ቀን ደረሰኝ። የደረሰኝ እኔ ነኝ፤ አድራሻው የእኔ ብቻ ነበርና። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወደ ሳሎን ተመለስሁ። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የልጃችንን ልብስ እየመረጠች «ይሄ ለብርዱ አይሆንም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይሆንም» አልኋት። ሌላ ምንም አላልሁም።

ለምን ደበቅህ ትሉኝ ይሆናል። በሁለት ሳምንት ይለወጣል ብዬ ነበር። ደስታዋን እንዳላጠፋባት ብዬ ነበር። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገርና፣ «ይህን ቀን እንዴት ሳታየው ቀረህ?» እንዳትለኝ ፈርቼ ነበር። ማታ ማታ እጅ ለእጅ ተያይዘን «መንገዳችንን ክፈትልን» ብለን ስንጸልይ፣ መንገዱ መዘጋቱን የሚናገረው ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በአራተኛው ቀን ባለቤቴ የሥራ መልቀቂያዋን አስገባች። እያየኋት ጻፈችው። እንዲያውም አንድ የተሳሳተ ፊደል አርሜላታለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን አንዲት ሴት ረከቦቱን ልትወስድ መጣች። እናቷ ለሠርጋችን የሰጠቻት ረከቦት ነው። ሴትየዋ ጭምብሏን እንዳደረገች በሩ ላይ ቆማ ገንዘብ ስትቆጥር አላስቻለኝም። «አትሽጪው» አልሁ። «ለምን?» አለች። ነገርኋት። እዚያው፣ በሰው ፊት፣ በጥቂት ቃል ነገርኋት።

ባለቤቴ አልጮኸችም። ረከቦቱን አንስታ ለሴትየዋ ሰጠቻት። «ሸጫለሁ ብያለሁ፤ ከዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ ቃሉን ይጠብቅ» አለች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች።

አሥራ አምስት ወር

ቤታችንን ለቀን አዳማ አማቴ ቤት ገባን። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ግድግዳው ሥር የተደረደሩ አራት ሻንጣዎች። አማቴ ምንም አልጠየቁኝም። እንጀራውን እኩል ያቀርቡልኛል፣ «ብላ እንጂ ልጄ» ይሉኛል፤ ከዚያ ደግነት በላይ የሚያሳፍር ነገር ግን አላየሁም። እኔ በአንድ መድኃኒት ቤት ተተክቼ መሥራት ጀመርሁ። ባለቤቴ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ሥራ ብትፈልግም «ነገ ትሄጃለሽ» እያሉ አልቀጠሯትም።

ይቅርታ ጠይቄአት ነበር፤ «ይቅር ብያለሁ» ብላኝም ነበር። ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ ይቅርታ በአፍ ተነግሮ ልብ ውስጥ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሊቆይ እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ዓይኗ ወደ ኪሴ ይሄድ ነበር።

በዚህ መካከል ያጠራቀምነው ብር ቀለጠ። መጋቢት 2012 ላይ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 33 ብር ገደማ ነበር፤ ሰኔ 2013 ላይ 43 ብር አልፎ ነበር። የጤና ምርመራችን የሚያገለግለው ለአሥራ ሁለት ወር ብቻ ስለነበር ጊዜው አለፈበት፤ ወረቀታችንም አብሮት ሞተ። በድጋሚ ተመርምረን፣ በድጋሚ ከፍለን፣ አዲሱ ወረቀት በግንቦት 2013 ደረሰን።

የተጎዳነው እኛ ብቻ አልነበርንም። ካናዳ በ2020 ለመቀበል ያቀደችው 341,000 አዲስ ቋሚ ነዋሪ ነበር፤ የተቀበለችው ግን 184,000 ገደማ ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት ከ405,000 በላይ ተቀበለች፤ ይሁን እንጂ ከእነዚህ ብዙዎቹ አስቀድመው በዚያው አገር በትምህርትና በሥራ ላይ የነበሩ ናቸው። ድንበር ሲዘጋ ቀላሉ መንገድ ውስጥ ያለውን መቀበል ነበር። ይህን በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፤ ያኔ ግን «ምነው እኛን ብቻ!» እል ነበር።

በመጨረሻ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. (ጁን 21 ቀን 2021) ጊዜው ያላለፈበት ማረጋገጫ የያዘ ሁሉ መግባት እንዲችል ተፈቀደ። ያ ቀን በአገራችን ብሔራዊ ምርጫ የተካሄደበት ቀን ነው። አማቴ ድምፅ ለመስጠት ተሰልፈው ሳለ ኢሜይሉ መጣ። በዚህ ጊዜ ሳላነበው ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠኋት። እሷ አነበበችልኝ።

ሰኔ 26፣ ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ

ከበረራው በፊት በ72 ሰዓት ውስጥ የተደረገ የፒሲአር ምርመራ፣ በአራይቭካን አፕ የተሞላ ቅጽ፣ ለሦስት ሌሊት አስቀድሞ የተከፈለበት ሆቴል፣ የአሥራ አራት ቀን የለይቶ ማቆያ ዕቅድ። ይህ ሁሉ ካልተሟላ ጉዞ የለም። እኔ የጤና ባለሙያ በመሆኔ አንድ ክትባት ወስጃለሁ፤ ክትባቱን የምታመርተው ሕንድ ወደ ውጭ መላኩን ስላቆመች ሁለተኛው ዘግይቶብናል። እኛ በገባን በሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 28፣ ሁለቱንም የወሰዱ መንገደኞች ከለይቶ ማቆያ ነፃ ሆኑ። በሁለት ቀን! ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ከልቧ ስትስቅ ያየኋት። «ቀንና እኛ አልተዋወቅንም» አለች።

የፒርሰን አዳራሽ ሰፊና ጸጥ ያለ ነበር። መጀመሪያ የጤና ሠራተኞች ጠየቁን፤ ቀጥሎ አፍንጫችን ውስጥ ናሙና ተወሰደ። ልጃችን አምስት ዓመት ስላልሞላት ተረፈች። ከዚያ ወደ ኢሚግሬሽን ክፍል ገባን። መኮንኑ ወረቀቱን አየ፣ ጥቂት ጥያቄ ጠየቀ፣ «እዚህ ጋ ፈርሙ» አለ። ሁሉም አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አሥራ አምስት ወር የጠበቅንለት ነገር በአሥር ደቂቃ አለቀ።

የሆቴሉ መስኮት አይከፈትም። በታች ሰፊ አውራ ጎዳና፣ በላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች። ምግብ በር ላይ ተቀምጦ ይንኳኳል፤ ስንከፍት ሰው የለም። በሐምሌ ቶሮንቶ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ልጃችን «ገና ቀን ነው!» እያለች አልተኛም አለች። በአዳማ ግን ሌሊት ነው፤ የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ፤ አያቷ እንቅልፍ ላይ ናቸው።

እግር ብቻ የሚያሳይ መስኮት

ከሦስት ሌሊት በኋላ የባለቤቴ የአጎት ልጅ ስካርቦሮ ውስጥ ወዳዘጋጀችልን ምድር ቤት ገባን። ቁልፉን ምንጣፍ ሥር ትታልን ነበር። በየሁለት ቀኑ እንጀራና ወጥ በር ላይ አስቀምጣ፣ በደረጃው ጫፍ ቆማ እጇን ታውለበልብልን ነበር። ሄደን እንዳንስማት ሕግ ነው። ያላቀፍናት ዘመድ ሰው መሆኗን ልጃችን ለማመን ተቸገረች።

የምድር ቤቱ መስኮት ከሣሩ እኩል ነው፤ የሚያሳየው የሰው እግር ብቻ ነው። ልጃችን ጫማ መቁጠር ጀመረች። አንዳንዴ ጥቁር ሽኮኮ መጥቶ በመስታወቱ ያያታል፤ የቶሮንቶ የመጀመሪያ ወዳጇ እሱ ነው።

በየቀኑ በአፑ ላይ አንድ ጥያቄ መመለስ ነበረብን፦ «የሕመም ምልክት አለባችሁ ወይ?» በስምንተኛው ቀን ደግሞ ነርስ በቪዲዮ እያየችን በገዛ እጃችን ናሙና ወሰድን። ያን ቀን ማታ ልጃችን ከተኛች በኋላ ባለቤቴ የአፑን ጥያቄ ሞልታ ስልኩን አስቀመጠች። ቀና ብላም «አንተስ ምልክት አለብህ?» አለችኝ።

«የለብኝም» አልሁ።

«ስለ ትኩሳት አይደለም። ሌላ የደበቅኸኝ ነገር አለ ወይ?»

ነበር። ትንሽ ነገር ነው፤ ከወንድሜ የተበደርሁት ገንዘብ አልነገርኋትም ነበር። ነገርኋት። ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኋት። መቼ እንደሚከፈል ጠየቀችኝ፣ «አላውቅም» አልሁ። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ረከቦቱ አይደለም ያመመኝ» አለች በመጨረሻ። «ያን መልቀቂያ ስጽፍ አጠገቤ ቆመህ ፊደል ማረምህ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ሰበብ ሳልደረድር፣ ሳልከላከል ሰማኋት። ሌሊቱን አለቀስን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእኛ የጠራው በምድር ቤት፣ ከሰው ሁሉ ተለይተን፣ አንዳችን ከሌላው የምንሸሽበት ሌላ ክፍል ባጣንበት ጊዜ ነው።

ዳንፎርዝ

ሐምሌ 11 ቀን፣ እሑድ፣ ወጣን። በአውቶቡስ ኬኔዲ ጣቢያ ድረስ፣ ከዚያ በምድር ባቡሩ ወደ ምዕራብ። ዋርደንና ቪክቶሪያ ፓርክ አካባቢ ባቡሩ ከመሬት በላይ ስለሚሄድ ዛፉንና ሰማዩን ያያሉ፤ ከዚያ ወደ ዋሻ ይገባል። ልጃችን በጨለማው ፋንታ የተሳፋሪውን ጫማ ትቆጥር ነበር። ግሪንውድ ጣቢያ ወርደን ዳንፎርዝ ጎዳና ስንደርስ የቆሎና የቡና ሽታ ተቀበለን። በዚህ ሰፈር የአማርኛ ጽሑፍ የለጠፉ ምግብ ቤቶች፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረዋል። ምግብ ቤቶች ወደ ውስጥ ሰው እንዲያስገቡ የተፈቀደው ገና ከሁለት ቀን በፊት፣ ሐምሌ 9 ነበር። አስተናጋጇ ጭምብሏን እንዳደረገች «እንኳን ደህና መጣችሁ» ስትለን ባለቤቴ መልስ መስጠት አቃታት፤ እንባዋ ቀደማት።

ከበላን በኋላ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ረከቦት ከነጀበናው አየን። «ልግዛልሽ?» አልኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው። «አሁን አይሁን። መጀመሪያ የወንድምህን ገንዘብ እንክፈል» አለች። «እንክፈል» ነው ያለችው፤ «ክፈል» አይደለም። ያን ቀን ከረከቦቱ ይልቅ ያቺን ቃል ይዤ ወደ ቤት ተመለስሁ።

ለሚጓዙ ሁሉ

ዛሬ ያ ሁሉ ሕግ የለም። ካናዳ የኮቪድ የድንበር ገደቦቿን መስከረም 21 ቀን 2015 ዓ.ም. (ኦክቶበር 1 ቀን 2022) ሁሉንም አንስታለች። ከዚያ ዘመን የተማርነው ግን ዛሬም ለሚጓዝ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን እነዚህን ልንገራችሁ።

የማረጋገጫ ወረቀታችሁ ላይ ያለውን ቀን ሁለታችሁም አንብቡ። የሚያገለግልበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከጤና ምርመራችሁ ወይም ከፓስፖርታችሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ በተለመደው አሠራርም አይራዘምም። ወረቀቱ እጃችሁ ሳይገባ፣ መንገዱም ክፍት መሆኑን ሳታረጋግጡ ሥራ አትልቀቁ፣ ቤታችሁንም አትፍቱ። የማመልከቻው ኢሜይል በሁለታችሁም ስልክ ይከፈት፤ አንዱ ብቻ የሚያውቀው ምስጢራዊ ቃል ለትዳር አይበጅም።

ክፉ ወሬ ሲመጣ ደግሞ አብራችሁ ስሙት። እኔ ባለቤቴን ከሐዘን የጠበቅኋት መስሎኝ ነበር። የወሰድሁባት ግን የመወሰን መብቷን ነው። በዚያ ቀን ብነግራት ኖሮ ሥራዋ አይለቀቅም፣ ረከቦቱም አይሸጥም ነበር፤ አሥራ አምስቱንም ወር ብንጠብቅ እንኳ አብረን እንጠብቅ ነበር።

ረከቦቱን በሁለተኛው ዓመት ገዛነው፤ የወንድሜ ዕዳ በተከፈለ በማግሥቱ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ስታፈላ በቪዲዮ ለእናቷ ታሳያቸዋለች። አማቴም ከአዳማ ሆነው «ያኛው ይሻል ነበር» ይላሉ። ባለቤቴ ወደ እኔ ታያለች፤ እኔም «ልክ ነው እማማ፣ ያኛው ይሻል ነበር» እላለሁ።

መንገዳችሁን ጌታ ያቅናላችሁ።