ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር
አንባቢ ሆይ፤ ካርታ ይዘርጉና ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር የአይሮፕላን ማረፊያ ድረስ ማስመሪያ ያኑሩ። የሚያገኙት ርቀት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደብረ ማርቆስና በዳንግላ የሚያልፈውን የመኪና መንገድ ደግሞ በክር ቢለኩት ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆንብዎታል። ይህን ሁሉ ትርፍ መንገድ ማን አመጣው ቢሉ፥ ሁለት ባለ ርስቶች ናቸው፤ ዓባይና ጮቄ።

ማስመሪያው ዓባይን የሚያቋርጠው በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል፥ መኪናውም በሚሻገርበት አካባቢ ነው። ነገር ግን መኪናው ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፥ ድልድዩን ተሻግሮ፥ የወረደውን ያህል መልሶ መውጣት አለበት። ጭነት የያዘ ተሳቢ ከፊት የቀደመ እንደ ሆነ፥ የፍሬን ሽታ እያሸተቱ ኋላ ኋላ መከተል ነው። ይህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። አይሮፕላኑ ያንኑ ገደል በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ይዘለዋል፤ በዚያች ደቂቃ ጋዜጣ የሚያነብ መንገደኛ ሳይ እጅግ ያሳዝነኛል።

ከደጀን ወዲያ ጮቄ አለ፤ ቁመቱ ከ4000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በስተ ምዕራብ ዞሮት ሲሄድ አይሮፕላኑ ከአናቱ በላይ ያልፋል።

ወደ ሰዓቱ እንመለስ። በዚህ መሥመር የሚበረው ባለ ሁለት ሞተሩ ኪው 400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛልና፥ በግማሽ ሰዓት መድረስ በተገባው ነበር። ታዲያ ትኬቱ ስለምን አንድ ሰዓት ያህል ይላል? ሰዓቱ የሚቈጠረው አይሮፕላኑ ከቆመበት ተነሥቶ እንደ ገና እስኪቆም ድረስ ስለ ሆነ ነው፤ በመንደርደሪያው ላይ ተራ መጠበቁ፥ ቀስ ብሎ መውጣቱና መውረዱ ሁሉ ይታሰባል። ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘቱንና ፍተሻውን ሲጨምሩበት ግማሽ ቀን ሊሆን ምንም አይቀረው። ቢሆንም ሌሊት የተነሣው አውቶቡስ የሚገባው ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ነው።

ዛሬ በዚህ አይሮፕላን የሚሳፈረው ሁሉ ባለጸጋ አይምሰልዎ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ውጊያ ከተነሣ ወዲህ የመኪናው መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ቆይቷል። ሐኪም ፍለጋ የሚመጣ በሽተኛም ሆነ ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ ተበድሮ ትኬት የሚቈርጥበት ጊዜ አለ። አበዳሪ ላጣው ግን 330 ኪሎ ሜትሩ በካርታ ላይ ብቻ ያለ ርቀት ነው፤ የእርሱ መንገድ ያው 550ው ነው፥ ስንት ቀን እንደሚፈጅም አስቀድሞ የሚነግረው የለም።

ባሕር ዳር የሚወርዱበት ማረፊያ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የተሰየመ ነው። እኚያ አርበኛ በወረራው ዘመን ጠላትን የተዋጉት እርስዎ አሁን በዘለሉት በዓባይ በረሃ ዳርና ዳር ነበር። ከቦሌ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ብለዋልና ሙቀቱ ገና ከደረጃው ሲወርዱ ይቀበልዎታል፤ ካፖርትዎን በእጅዎ ይያዙት።