ኮከቧ ናት ወይስ መነጽሩ?

የባርናርድ ኮከብ የምትባል አንዲት የሰማይ ጎረቤት አለችን። ጎረቤት ያልኩት በሰማዩ ስፍር ነው እንጂ ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ ስድስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። «ቀይ ድንክ» ከሚባሉት ወገን ስለሆነች ብርሃኗ ደካማ ነው፤ እንዲሁ በዓይን አትታይም።

እናላችሁ፣ ፒተር ቫን ደ ካምፕ የሚባሉ የሥነ ፈለክ ሊቅ አሜሪካ፣ ስዋርዝሞር ኮሌጅ ውስጥ ሆነው ይህችን ኮከብ ለዓመታት ፎቶ ሲያነሱ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 ኮከቧ በመንገዷ ላይ ወዲህ ወዲያ እንደምትዋልል፣ የሚጎትታትም ከጁፒተር የሚተልቅ ፕላኔት መሆኑን አስታወቁ። ብዙዎችም አመኑ።

በ1973 ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጆርጅ ጌትውድና ሃይንሪክ አይክሆርን በሌሎች ቴሌስኮፖች የተነሱ ፎቶዎችን ቢለኩ መዋለሉ የለም! በዚያው ዓመት የቫን ደ ካምፕ ባልደረባ የነበሩት ጆን ኸርሺ በዚያው ቴሌስኮፕ የታየ ሌላ ኮከብ ቢመረምሩ፣ እሱም በዚያው ጊዜ ዘመም ብሏል። ለካ የተነካካው የቴሌስኮፑ ሌንስ ኖሯል! ሊቁ ግን በ1995 እስኪሞቱ ድረስ አልተቀበሉትም።

«ታዲያ ይኼ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» ትሉኝ ይሆናል። ልንገራችኋ።

ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት አንድ አዛውንት ገንዘብ ያዥ ነበሩ። «ሒሳብ ጎደለባቸው» ተባለና ከሥራ ታገዱ። ሻይ ቤት ሲገቡ ወንበር የሚስብላቸው ጠፋ። ከወራት በኋላ አንድ ኦዲተር የሌሎቹን ገንዘብ ያዦች ሒሳብ ቢያይ፣ የእነሱም ጎድሏል! የተበላሸው ሒሳብ ክፍሉ የቀየረው የመዝገብ አያያዝ ነበር። ሰውየው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። «ተሳስተን ነበር፣ ይቅርታ ጋሼ» ያላቸው አለቃ ግን አልነበረም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያቺን ሻይ ቤት አልረገጧትም።

መጠራጠር ማለት ግን መካድ አይደለም። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ለዚህችው ኮከብ በ233 ቀን የምትዞራት ፕላኔት አገኘን አሉ፤ በ2021 ደግሞ ምልክቱ ከራሷ ከኮከቧ ጠባይ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ፍለጋው ግን አልቆመም። በ2024 ቺሊ ባለ ትልቅ ቴሌስኮፕ አንድ ፕላኔት ታወቀ፤ በ2025 አራት መሆናቸው ተረጋገጠ። አራቱም ከምድር ያነሱ ናቸው፤ ዓመታቸው ከሰባት ቀን አይሞላም። ኮከቧን የሚያወዛውዟት ከእግረኛ እርምጃ በዘገየ ፍጥነት ነው። ይህን ለመለየት መሣሪያው ራሱ ስንቴ ተፈትሿል መሰላችሁ!

እና ወዳጆቼ፣ አንድ ሰው ሲዋልልብን ከጎኑ ያሉትንም በዚያው መነጽር እንያቸው። ሁሉም አንድ ላይ ከዋለሉ መነጽሩ ይወልወል። ከተወለወለ በኋላም በስም ጠርቶ፣ በተሰደበበት አደባባይ ይቅርታ መጠየቅ የሚባል ነገር አለ።